አሥራ ሁለት ተማሪ ዓባይን ለማሻገር

መነሻ

ሰፈራችንን የለቀቅነው ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጤዛው ከሣሩ ላይ ሳይረግፍ ነው። የኔታ፣ አሥራ ሁለት የቅኔ ተማሪዎቻቸውና እኔ ነበርን። መድረሻችን ከዓባይ ማዶ ቦረና፣ የኔታ በወጣትነታቸው የተማሩበት አጥቢያ ነው። ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከዚያ እስከ ወንዙ በደህና ጊዜ አምስት ቀን ያስኬዳል። እኛ ጣሊያን የሠራውን የመኪና መንገድ መሸሽ ስለነበረብን ሰባት ቀን ፈጀብን።

የተነሣንበት ምክንያት ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ የሰፈረው ጣሊያን የቆሎ ተማሪ ሁሉ የአርበኛ መልእክተኛ ይመስለዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ አገር ላገር የሚዞረውን ልጅ ማንም ከየት መጣህ ስለማይለው፣ ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብዬ አልምልም። በጥቅምት መጨረሻ ባንዳዎች ከጎረቤት ጉባኤ ቤት ሁለት ተማሪዎች ወሰዱ፤ አልተመለሱም። የኔታ በማግስቱ ትምህርቱን አቋርጠው «እንነሣለን» አሉ።

እኔ ተማሪያቸው አይደለሁም። ከጉባኤ ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ የሰማሁትን ቤቴ ገብቼ እየፈታታሁ ነው ግጥም የለመድኩት። ነገር ግን ከጦርነቱ በፊት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ዓባይን ሦስት ጊዜ ተሻግሬአለሁ፤ መዋኘትም እችላለሁ። በደጋ አገር ይህ ብርቅ ነው። የኔታ ወላጆችን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሰብስበው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ «ይህ ልጅ ውሃ ያውቃል። የልጆቻችሁ ዋስ እሱ ነው» አሉ። ሃያ ያህል ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ሌሎቹ ሲበተኑ የአንደኛው ተማሪ፣ የላቀው እናት ቀሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ ሴት ናቸው፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ።

«ላቀው አንድ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ እማሆይ።»

«አታውቅም። ሦስት ቀብሬ ነው አንድ የሆነው።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልጠገብኩም።

ሙጋ

የሙጋ ሸለቆ ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል፤ ዳገቱ ደግሞ የቀረውን። ውሃው በኅዳር ከጉልበት አያልፍም፤ ግን ከቋጥኝ ሥር የቆመ ኩሬ አለው። እዚያ አሳርፌአቸው «ዋና የሚችል ማነው?» አልኩ። በመጨረሻ ዘሪሁን እጁን አነሣ። ዘሪሁን ከሁሉም ታላቅ፣ ከሁሉም ወፍራም፣ ምላሱ ደግሞ ከሁሉም የተሳለ ነው።

«የት ተማርክ?»

«በሕልሜ» አለ። «ሁለት ጊዜ ተሻግሬአለሁ። በሦስተኛው ቀሰቀሱኝ።»

ሲስቁ አኩፋዳቸው እስኪወድቅ ነው። እኔ አልሳቅሁም። የአንዱን ደበሎ ተቀብዬ ኩሬው ውስጥ ነከርኩት። ደረቁን በአንድ እጅ አንጠልጥዬው ነበር፤ እርጥቡን በሁለት እጄ ጎትቼ አወጣሁት። «ይህን ለብሶ የወደቀ ሰው ድንጋይ ታቅፎ እንደወደቀ ነው» አልኳቸው። ደበሎ ለተማሪ ልብሱም ምንጣፉም ነው፤ አናወልቅም ብለው ተከራከሩ። ዘሪሁንማ «ራቁቴን ወሎ ብገባ ማን ቁራሽ ይሰጠኛል?» አለ። በመጨረሻ ደበሎዎቹ ሁሉ በአንድ ስልቻ ታስረው ለብቻቸው እንዲሻገሩ ተስማማን።

ከሙጋ ማዶ ባለች አነስተኛ ገበያ ቅል ገዛሁ። አፉ በሰም የተደፈነ ደረቅ ቅል ደረቱ ላይ ያሰረ ሰው አይሰጥምም። ሻጭዋ በሊሬ አልሸጥም አለች፤ «ወረቀቱን ፍየል እንኳ አትበላልኝም» ብላ። በአንድ አሞሌ ጨው ሁለት ቅል፤ ለአሥራ ሁለቱ ስድስት አሞሌ ጠይቃ በአምስት ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ባለቅሉ ሆነ።

«ባለቅሉ፣ ግጥምህስ ይንሳፈፋል?» ይለኛል ዘሪሁን፤ አፋፍ ለአፋፍ ስንሄድ።

«ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል» ይላል ሌላው።

እግሬ ተልጦ ነበርና መልስ አላማረኝም።

ዲማ

በአራተኛው ቀን ዲማ ደረስን። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ አጫጆቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ ወንዱ ወይ ጫካ ነው ወይ ጉድጓድ። የዲማ ሰዎች ተማሪ ማስተናገድ ያውቃሉ። የጓያ ወጥ በትልቅ ገበታ ቀረበልን፤ ከአራት ቀን ቆሎ በኋላ ትኩስ ነገር ሲገባ ሆዴ ደነገጠ። የኔታ ከአገሩ ሊቃውንት ጋር ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ፣ እኔ ተማሪዎቹን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ወሰድኳቸው።

ሣሩ ላይ በበትር አራት ማዕዘን ሠራሁ። የዓባይ ዋናተኞች የሚያሻግሩበትን ነገር አውቀዋለሁ፦ ስምንት የተነፋ ስልቻ፣ በላዩ ላይ በጠፍር የታሰረ የእንጨት ርብራብ፣ ከኋላ ሁለት ሰው እየዋኙ የሚገፉት። ስድስት ሰው ይይዛል፤ ግን የሚይዘው ከተቀመጡ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከቆመ ያዘነብላል፤ ሁለት ከቆሙ ይገለበጣል።

መጀመሪያ የተጣላነው በአቀማመጡ ነው። እነሱ እንደ ጉባኤ ቤታቸው በማዕርግ ሊቀመጡ ፈለጉ፤ ታላቅ ከፊት፣ ታናሽ ከኋላ። እኔ በክብደት አስቀመጥኳቸው፦ ወፍራም መሐል፣ ቀጭን ዳር።

«እኔ በአዲስ ገቦች መካከል?» አለ ዘሪሁን።

«ውሃው ስንት ዓመት እንደተማርክ አይጠይቅም።»

ቀኑን ሙሉ አለማመድኳቸው። ጉልበት ይታጠፋል፤ እጅ ጠፍር ይይዛል፤ ማንም አይናገርም፤ እኔ «ውረዱ» ሳልል ማንም አይነሣም። ንብ ቢነድፍ አይነሣም፤ አዞ ቢታይ አይነሣም። አለንጋ እንደያዘ መምህር እየዞርኩ ትከሻቸውን እጫናለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋይ ብወረውርባቸው፣ «አዞ!» ብዬ ብጮህ እንኳ የሚነቃነቅ አልነበረም። ላቀው ከሁሉም ጎበዝ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ዳር አስቀመጥኩት፤ ዓይኑን እንኳ አያዞርም። ሁሉን ያሰብኩ መሰለኝ።

መርጡለ ማርያም

በስድስተኛው ቀን መርጡለ ማርያም ስንደርስ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ወባው ከጨው ንግዱ ዘመን የቀረ ነው፤ ሲደክመኝ ጠብቆ ይመጣል። ጋቢዬን ተከናንቤ የአንድ ነጋዴ ቤት ደጅ ተቀመጥኩ። ነጋዴው፣ ሐጂ የሚሉት ሽማግሌ፣ ከቆላው በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ስላላቸው የወንዙን ወሬ ያውቃሉ። ከመሻገሪያው በላይ ባለው አፋፍ ላይ የጣሊያን ምሽግ አለ፤ ወንዙን ቁልቁል ያያል።

«በጠዋት ይጠብቃሉ፤ በማታ ይጠብቃሉ» አሉኝ ሐጂ። «ቀትር ላይ ግን ይተኛሉ።»

«ሁሉም?»

«ዘበኛውም ጭምር። በዚያ ሙቀት ነቅቶ የሚቆም እብድ ነው ይላሉ። እናንተ በቀትር ተሻገሩ። ብቻ ድምፅ እንዳይሰማ። ገደሉ ድምፅ ያዳርሳል።»

ሌላ ጊዜ ዋናተኞች አዞ የሚያባርሩት በጩኸትና በጥይት ነው። አሁን ድንጋይ ከመወርወር በቀር ሌላ አማራጭ የለንም ማለት ነው። ይህን በልቤ መዝግቤ ተኛሁ፤ ማለት ተጋደምኩ።

ቁልቁለት

በሰባተኛው ቀን ወደ ዓባይ ወረድን። ጠዋት ጋቢ ለብሰን የተነሣን ሰዎች ረፋድ ላይ ትንፋሽ አጠረን። ድንጋዩ ግሎ በጫማም አይረገጥም፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ጫማ የላቸውም። የኔታን ከሐጂ በተዋስነው በቅሎ ላይ አውጥተን በየመታጠፊያው ደገፍናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «ስንት ቀረን?» አላሉም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ በሆዴ።

ከታች ሐጂ የላኩበት ዋናተኛ ጠበቀን። አያ ሙሄ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፤ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ጢሙ የሸበተ። ከእሱ ጋር ወንድሙ አለ። ርብራቡን መረመርኩ፤ ስልቻዎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ፤ አንዱ ትንፋሽ ያወጣ ነበርና እንደገና ነፉት። ድንጋይ ጭነን ገፍተን ሞከርነው።

«አንተ ሚስት ስትመርጥም እንዲህ ነው?» አለኝ አያ ሙሄ።

«የሰው ልጅ ነው የምጭነው አያ።»

«እኔስ እስከዛሬ ፍየል ነበር ያሻገርኩት?» አለና ሳቀ፤ ግን ጠፍሩን እንደገና አጠበቀ።

የኔታን ከሾላ ዛፍ ሥር አሳረፍናቸው። መጨረሻ ላይ እሻገራለሁ ብለዋል። ከላይ ምሽጉ አፋፍ ላይ ነጭ ድንኳን ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች።

ወንዙ

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተሳፈሩ። ዘሪሁን መሐል፣ ላቀው ዳር። ቅላቸውን ደረታቸው ላይ አሰርኩ። አያ ሙሄና ወንድሙ ከኋላ፣ እኔ ከጎን ሆነን እየዋኘን ገፋን። ልጆቹ እንዳለማመድኳቸው ሆኑ፤ ጉልበታቸው ታጥፏል፤ እጃቸው ጠፍሩን ይዟል፤ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ከዳር ሃያ ክንድ ያህል ራቅን። ውሃው ከታች ጠነከረ። ደህና ነን አልኩ።

ያን ጊዜ የኔታ ከሾላው ሥር ተነሥተው ወደ ዳር ወረዱ። ሊባርኳቸው ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ውሃው አፍ ላይ ቆሙ፤ እጃቸውን አነሡ።

ስድስቱም በአንድ ድምፅ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

ማሰብ አልነበረም። እግራቸው ነው የተነሣው። ከፊደል ጀምሮ መምህር ቆሞ ተቀምጠው አያውቁም። ርብራቡ በላቀው በኩል አዘነበለ፤ አራቱ ውሃ ገቡ፤ ሁለቱ ጠፍሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ገደሉ «ኖር» የሚለውን ተቀብሎ መለሰው። ቀና ብዬ ድንኳኑን አየሁ። ማንም አልወጣም።

ሦስቱን ቅሉ እንደ ቡሽ ይዟቸዋል፤ በሰፊው ተከፍተው የሚያስሉ አፎች ነበሩ። የአያ ሙሄ ወንድም አንዱን በጠጉሩ፣ እኔ ሁለቱን በቅላቸው ጠፍር ይዘን ወደ ርብራቡ ሳብን። አራተኛው ላቀው ነው። ቅሉ ከሩቅ ታየኝ፤ ወንዙ ይዞት ወደ ቋጥኞቹ እየወረደ። አያ ሙሄ ቀድሞ ሄዷል። እኔ መከተል አልቻልኩም፤ እጄ ላይ ሁለት ነፍስ ነበር። ያቺን ጊዜ እስካሁን በሌላ ነገር መመዘን አልቻልኩም። «ሦስት ቀብሬ ነው» ያሉት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እኔም ሁለቱን ይዤ አንዱ ሲሄድ አያለሁ።

አያ ሙሄ ከታች፣ ድንጋይ ወርውሮ የሚደርስበት ላይ፣ ከቋጥኝ ነጥቆ አወጣው። ስደርስ ላቀው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ውሃ ይተፋል። ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ግን አልተፈታም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች መሆን በማይገባው በኩል ታጥፏል።

«ይቅር በለኝ» አለኝ። «አትነሡ ብለኸን ነበር።»

ሁላችንም ወደተነሣንበት ዳር ተመለስን። የኔታ በድንጋጤ ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ምን ነካቸው?» አሉ። «ተቀመጡ አላልካቸውም?»

«ብያቸዋለሁ የኔታ።»

«ታዲያ ምን አስነሣቸው?»

መልሱን እያወቅሁ የላቀውን እግር ለመደገፍ ጎንበስ አልኩ። አያ ሙሄ ጢሙን እየጨመቀ መጣ።

«እርስዎ ነዎታ!» አላቸው። «አዞ ያየ ሰው እንኳ እንዲህ አይነሣም! የኛም ደረሶች፣ የቁርኣን ተማሪዎቹ፣ ለሼሃቸው እንዲሁ ናቸው። ለዚህ እኔ ሼሁን በፊት አሻግራለሁ።»

ማንም እንዲህ ተናግሯቸው አያውቅም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የኔታ ቆይተው «እውነት ነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«እውነት ነው የኔታ። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።»

ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እንግዲህ እኔን ብታዩ አትነሡ። ፈቅጃለሁ። በግዝትም አዝዣለሁ» አሉ።

አሸዋው ላይ የተቀመጡት ሁሉ «እሺ የኔታ!» ብለው ብድግ አሉ።

ዘሪሁን መቆሙን ራሱ ሲያውቀው እጁን አፉ ላይ ጫነ። የሳቀ ግን የለም። ቀትሩ እያለፈ ነው። አሁን የኔታ ቀድመው ይሻገሩ እንዳልል፣ ማዶ ዳር ቆመው ሲታዩ ያው ነው። ወደ ዛፉ ይመለሱ እንዳልልም፣ ዛፉ ከወንዙ ይታያል።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ውሃው ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው በላይ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አሁን እኔ የለሁም» አሉ ከውስጥ። «አሻግራቸው።»

ስድስቱን አሻገርን፤ ተመልሰን አምስቱን አሻገርን። አንድም ሰው ከጉልበቱ አልተነሣም። ከወንዙ መሐል ዞሬ ሳይ ጭቃው ላይ እንደ ድንጋይ የተቀመጠ ነጭ ነገር ብቻ ይታየኝ ነበር። የደበሎው ስልቻ ተከተለ። በመጨረሻ የኔታን ለብቻቸው፣ ርብራቡ መሐል አስቀምጠን ገፋን። ማዶ ዳር ላይ አሥራ አንዱ ተሰልፈው ቆመዋል። እዚያ መሬት ነው፤ የፈለጉትን ያህል ይቁሙ።

ከመውረዳቸው በፊት የኔታ እጄን ያዙ። «ላቀው ከቀኝ በኩል የሚቀመጥ ልጅ ነበር» አሉኝ። የጉባኤ ቤቱን ማለታቸው ነው። «ቦታውን አላስይዝም በለው።»

መልስ

የቆላው ወጌሻ በተነሣንበት ዳር ስለነበረ፣ በዚያ እግር ደግሞ የወሎን ዳገት መውጣት ስለማይቻል፣ ላቀውን ይዤ ተመለስኩ። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ በሸንበቆ አሰረው። ላቀው ሲታሰር የእኔን ክንድ ነከሰ፤ ጠባሳው አለ። የገበሬ ልጅ ኩታ አለበስኩት፤ እግሩ የተሰበረ፣ ደበሎ የሌለው ልጅ ለባንዳ መልእክተኛ አይመስልም። መርጡለ ማርያም ላይ ሐጂ አህያ አከራዩን፤ ኪራዩን አህያዋን ስመልስ ጭነታቸውን አምጥቼ እንድከፍል። ዳገት ላይ አህያዋ እምቢ ስትል ከመንገደኛ ጋር በቃሬዛ ተሸከምኩት። ወባዬ በየሦስት ቀኑ ይመጣል፤ እኔን ሲያንቀጠቅጠኝ እሱ ከቃሬዛው ላይ ውሃ ያቀብለኛል። አሥራ አንድ ቀን ሄድን።

በእነዚያ ቀናት ያሰብኩትን ለሌላ ተማሪ አሻጋሪ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። ቅል ግዙ፤ ደበሎ አስወልቁ፤ በክብደት አስቀምጡ፤ ስልቻውን ራሳችሁ ተጫኑ። ይህ ሁሉ ላቀውን አድኖታል፤ ቅሉ ባይኖር ኖሮ የምጽፈው ሌላ ነበር። ግን ሜዳ ላይ ስታለማምዱ መምህሩን አብራችሁ አምጡ። በፊታቸው ይመላለሱ፤ ይቁሙ፤ ይባርኩ። ልጆቹ ሲነሡ ታያላችሁ። እኔ ድንጋይ ወረወርኩ፤ አዞ ብዬ ጮህኩ፤ ያከበሩትን ሰው ግን ግቢ ውስጥ ትቼ ነበር።

ሰፈራችን የገባነው ረፋድ ላይ ነው። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከደጃቸው ስንዴ ያበጥራሉ። ሰፌዱን አስቀምጠው መጡ። መጀመሪያ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ሸንበቆውን፤ ከዚያ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ነኩ። ከቤት አግብተን አስተኛነው። የሆነውን ሁሉ፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ዋስ ነበርኩና። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ማን ተነሥ አለው?» አሉ ስጨርስ።

«ማንም አላለውም እማሆይ።»

ላቀው ከመደቡ ላይ ያየናል። እማሆይ ኩታውን ከእግሩ ላይ ገለጥ አድርገው ሸንበቆውን እንደገና ተመለከቱት።

«መነሣትን እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ።